እጄን ስወቅስ የከረምኩበት በጋ

ያመለጠኝ አጋዘን የቆመው 27 ያርድ (25 ሜትር ገደማ) ላይ ነበር። ጎኑን ሙሉ ሰጥቶኛል፣ ነፋስ የለም፣ ብርሃኑም ገና አልደከመም። የቀስቴን ማነጣጠሪያ፣ የሳይቱን ፒን፣ ከፊት እግሩ ኋላ አሳርፌ ለቀቅኩ። ፍላጻው ደረቱን ሳይነካ በፊቱ አልፎ ቅጠል ውስጥ ተሰካ። አጋዘኑ ሁለቴ ዘሎ ቆመ፤ ዞሮ ወደ ተቀመጥኩበት ዛፍ ቀና ብሎ አየኝና ነጭ ጭራውን አንሥቶ ሄደ።

ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፣ ፌርፋክስ፣ እኛ አበሾች በብዛት የምንኖርበት። ጓደኞቼ አሁንም ይስቁብኛል፤ «ጠመንጃ እንደ ዳቦ በሚሸጥበት አገር ቀስት ይዞ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው!» ይላሉ። ነገሩ ግን አጋዘኑ የሚውለው በየሰው ጓሮ ነው፤ መኖሪያ ቤት አጠገብ ደግሞ ጠመንጃ መተኮስ የለም። መደበኛው የቀስት ወቅትም ኦክቶበር መግቢያ ላይ ስለሚከፈት፣ ቀንቶኝ ከሆነ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሳይገባ ሥጋው ቤት ይደርሳል።

አንድ ነገር ላስቀድም። በአማርኛችን «ቀስት» ስንል አንዳንዴ የሚለጠጠውን፣ አንዳንዴ የሚወረወረውን ማለታችን ነው። እዚህ እንዳያደናግር የሚወረወረውን ፍላጻ እለዋለሁ። ጥፋቱም እሱ ጋ ነበርና።

በጋውን ሙሉ በልምምድ ጫፍ፣ ፊልድ ፖይንት በሚባለው፣ ስተኩስ ነው የከረምኩት። 20 ያርድ ላይ ፍላጻዎቼ ቡጢ በሚያህል ቦታ ይሰበሰባሉ። 30 ላይ ግን ሁልጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ይሸሻሉ። እጄን ወቀስኩ፣ ትንፋሼን ወቀስኩ፣ የቀኑን ድካም ወቀስኩ። ወቅቱ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የማደኛውን ስለታም ጫፍ፣ ብሮድሄዱን፣ አስሬ ስሞክር ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተበተነ፤ ግማሾቹ መሐል፣ ግማሾቹ አንድ ስንዝር ወደ ግራ። ጊዜ አልነበረኝም። ሳይቱን በሁለቱ መካከል አድርጌ «ይበቃል» አልኩ። ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ሁለት የተለያየ ቦታ የሚመቱ ፍላጻዎችን አማካይ መውሰድ ማለት የትኛውንም አለመምታት ማለት ነው።

አጋዘኑ ካመለጠኝ በኋላ 12ቱንም ፍላጻ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ከ1 እስከ 12 ቁጥር ጻፍኩባቸው። («ይሄ ለዚህ ነው የተገዛው?» አለች፤ መልስ አልነበረኝም።) በማግስቱ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ተኩሼ የወደቀበትን ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ወረቀቱ ሲሞላ ከ1 እስከ 6 ያሉት አንድ ሰፈር፣ ከ7 እስከ 12 ያሉት ሌላ ሰፈር ሆነው ቁጭ አሉ። ያኔ ነው ዘንጉ ላይ የታተመችውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኬ መብራት ያነበብኩት። ስድስቱ 400፣ ስድስቱ 340 ይላሉ። ቀለማቸው አንድ፣ ሥሪታቸው አንድ። ሁለተኛውን እሽግ ስገዛ ሻጩ «ያው ነው» ብሎኝ ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ያው አልነበረም። ቁጥሩ የዘንጉ ግትርነት መለኪያ ነው፤ ስፓይን ይሉታል። ዘንጉ 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ተጋድሞ መሐሉ ላይ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል፤ ምን ያህል ኢንች እንደጎበጠ በሺህኛ ይቆጠራል። 400 የሚለው 0.400 ኢንች ጎበጠ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ዘንጉ ልል ይሆናል፤ መጀመሪያ የሰማ ሰው ሁሉ ገልብጦ ይረዳዋል፣ እኔንም ጨምሮ። በ400ና በ340 መካከል ያለው የመጉበጥ ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዓይን አይታይም።

ፍላጻ ግን ቀጥ ብሎ አይወጣም። ጅማቱ ከኋላ ሲገፋው፣ ከፊት ያለው ጫፍ በክብደቱ ስለሚቆይ፣ መሐል ላይ ይጎብጣል፤ ከዚያ እንደ ዓሣ እየተጥመለመለ ይሄዳል። በ1930ዎቹ ክላረንስ ሂክማን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ያሳየው ይህንኑ ነው። የኔን ቀስት መለጠጥ 65 ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል፣ ፍላጻዬ 29 ኢንች ነው፤ ለዚህ ጉልበት 400 በጣም ልል ነው። በልምምድ ጫፍ ሲሆን የኋላው ላባ ጥፋቱን ቶሎ ያርመዋል። ብሮድሄዱ ግን ራሱ ክንፍ አለው፤ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከወጣ ነፋሱን ይዞ ከፊት ሆኖ ይመራል፣ ላባው ከኋላ ሆኖ ይጎትታል። በጋውን ሙሉ ተደብቆ የከረመው ጥፋት ወቅቱ ሊከፈት ሲል ብቅ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለማረጋገጥ ከየወገኑ አንድ አንድ ፍላጻ ላባውን ልጬ ከ20 ያርድ ተኮስኩ። 340ው ከላባ ለባሾቹ አጠገብ ገባ። 400ው ስንዝር ርቆ፣ ያውም አጋድሎ ተሰካ።

ያ ክረምት ታዲያ እንደ ወርቅ ሠሪ ሆንኩ። 400ዎቹን ትቼ፣ ትንሽዬ ዲጂታል ሚዛን ገዝቼ ስድስቱን 340ዎች መመዘን ጀመርኩ። እያንዳንዱ ወደ 420 ግሬን፣ ማለትም 27 ግራም ይሆናል። ከስድስቱ የከበደውና የቀለለው በ9 ግሬን ይለያያሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ እነሱን ለማመጣጠን ለፋሁ፤ ኋላ ሳሰላው 30 ያርድ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ግማሽ ኢንች እንኳ አይሞላም። አጋዘን ለሚያድን ሰው ይህ ከንቱ ድካም ነው። ሰው ሁሉ ክብደት ላይ የሚጨነቀው፣ ይመስለኛል፣ ሚዛን መግዛት ቀላል ስለሆነ ነው።

ከክብደቱ ይልቅ የጎዳኝ የዘንጉ አፍ ነበር። ፍላጻዎቹን ያሳጠርኩት በተራ ብረት መጋዝ፣ በእጄ ነው። አፉ ትንሽ ዘመም ካለ የሚገጠምበት ብሮድሄድ ይዘማል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፍላጻውን በብሮድሄዱ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ በጣት እንደ እንዝርት ማሽከርከር። ከስድስቱ ሦስቱ ይወዛወዙ ነበር። አፋቸውን በማስተካከያ ሞርጄ ሁለቱ ዳኑ። ቁጥር 11 ግን ምንም ባደርገው አልቀና አለ። ጅማቱ የሚገባበትን የኋላ ፕላስቲክ፣ ኖኩን፣ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ ስተኩስ ደግሞ ቁጥር 8 ከጓደኞቹ ጋር ተቀላቀለ፤ እሱን ስንት ቀን እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

መጨረሻ ላይ ቀስቱ ራሱ ቀረ። ብሮድሄዱ ከልምምድ ጫፉ ወደ ግራ ሲመታ፣ ፍላጻው የሚያርፍበትን ሬስት በጣም በጥቂቱ ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ሳይቱን አለመንካት። ሁለቱ ጫፎች አንድ ቦታ እስኪመቱ ድረስ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

አሁን ከመተኮሴ በፊት እያንዳንዱን ዘንግ ጎበጥ አድርጌ ጆሮዬ አጠገብ አዳምጣለሁ። ዘንጉ ካርቦን ነው፤ የተሰነጠቀ ካርቦን ይንጣጣል፤ እሱን የተኮሰ ሰው ስብርባሪው እጁን ሊወጋው ይችላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

በተከታዩ ኦክቶበር ቁጥር 8 ነው የወጣው። 22 ያርድ፣ እንስት አጋዘን። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች። እናቴ በስልክ ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ርቀቱን አልነበረም፤ «ልጄ፣ በስመ አብ ብለህበታል?» ነው ያለችኝ። ዛፉ ላይ ሆኜ ብያለሁ።

ስድስቱን 400ዎች 55 ፓውንድ ቀስት ላለው ጓደኛዬ ሰጠሁት፤ ለሱ ልክ ሆነው እንደ ጓንት ገጠሙት። ቁጥር 11 ደግሞ ጓሮ ውስጥ ቃሪያ ደግፎ ቆሟል።