ከቲቱስ ጋር እንዴት ታረቅኩ

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች ለእንግሊዝኛ ትምህርት የሚነበብ ልቦለድ ታዘዘላት። እኔም አብሬያት ላነብ ወሰንኩ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። እኔ ሌሊት ሌሊት አዛውንቶች እንከባከባለሁ፣ እሷ ቀን ትማራለች። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ወሬያችን ምግብና የስልክ ቻርጀር ብቻ ሆኖ ነበር። መጽሐፉ የምንገናኝበት ሰበብ ይሆነናል ብዬ ነው።

ርዕሱ "ፊድ" ይባላል። ኤም. ቲ. አንደርሰን በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ያኔ አይፎን ገበያ ላይ ሊወጣ ገና 5 ዓመት ይቀረው ነበር። ታሪኩ ወደፊት በምትመጣ አሜሪካ ውስጥ ነው። የብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፊድ የሚሉት መሣሪያ ይቀበራል። አፍ ሳይከፍቱ ያወራሉ፣ እጅ ሳያነሱ ይገዛሉ። መሣሪያው ደግሞ የሚወዱትን እያጠና ማስታወቂያ ያዘንብባቸዋል። ለከብት የሚሰጠውን መኖም እንግሊዝኛው ፊድ ነው የሚለው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ርዕሱን ባየሁ ቁጥር ይከብደኝ ጀመር።

ቲቱስ የሚባል ጎረምሳ ከጓደኞቹ ጋር ለእረፍት ጨረቃ ላይ ይሄዳል። እዚያ ቫዮሌትን ይተዋወቃል። አንድ አዛውንት ጭፈራ ቤት ውስጥ ፊዳቸውን ሃክ ያደርገዋል። ሌሎቹ ይድናሉ፣ የቫዮሌት ግን እየባሰበት ይሄዳል። የእሷ ፊድ የገባው ዘግይቶ፣ በ7 ዓመቷ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ያነበብኩት እንደ ዳኛ ነው። አነጋገራቸው አናደደኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር አይጨርሱም። ስድባቸው ብዙ ነው። ልጄን "እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?" አልኳት። መጽሐፉን ዘግታ ክፍሏ ገባች። እነሱን ስሰድብ እሷን የሰደብኩ መስሏታል። እውነቷን ነው፣ እሷንም እያሰብኩ ነበር የተናገርኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣሁ። በልጆቹ ላይ ከመፍረዴ በፊት ከራሴ ሕይወት የሚመሳሰል አንድ ነገር ፈልጌ ደብተር ላይ መጻፍ። ከማሽኑ ከጀመርኩ ምንም አላገኝም፣ እኔ ያደግኩት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ ባለበት ዘመን ነው። ስለዚህ ከስሜቱ ጀመርኩ። በመጽሐፉ የሰዎች ገላ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ቁስል ይወጣል። ዝነኞች ላይ ሲታይ ቁስሉ ፋሽን ይሆናል። ጭራሽ አንዲት ልጅ በገዛ ገንዘቧ ገላዋን ታስተለትላለች። እብደት ነው ልል ብዕሬን አነሳሁ። ወዲያው ጆሮዬ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ሃይስኩል ስማር፣ እንደ መጽሔት ሴቶች ፀጉሬ ይተኛልኝ ብዬ በከሰል የጋለ ካውያ ጆሮዬን አቃጥዬዋለሁ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ለልጄ አሳየኋት። መኪና ውስጥ ነበርን። (ከባድ ወሬ ገበታ ላይ አይሆንላትም፤ ሁለታችንም ወደፊት እያየን ሲሆን ግን ይቀላታል።) እጇን ዘርግታ ነካችው። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ ላይክ ያላገኙ ፎቶዎቿን ማታ ማታ እንደምታጠፋ ነገረችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ስጠይቃት ያልነገረችኝን ነው።

የቫዮሌትን አባት ወደድኩት። የሞቱ ቋንቋዎች አስተማሪ ነው። የሞቱ የሚላቸው እንደ ፎርትራንና ቤዚክ ያሉ የኮምፒዩተር ቋንቋዎችን ነው። ቋንቋ እንዳይሞት ብሎ ሆን ብሎ በከባድ ቃላት ያወራል። እኔም ልጄን "በአማርኛ አውሪ" እያልኩ ስለምጨቀጭቃት፣ ይህ ሰውዬ እኔን ነው አልኩ። ልጄ ግን አልተስማማችም። "ማሚ፣ አንቺማ የቲቱስን ወላጆች ነው የምትመስዪው" አለችኝ። ልጃቸው ያ ሁሉ ከደረሰበት በኋላ የሚበር መኪና ይገዙለታል። "ናይት ስትጀምሪ ነው ስልክ የገዛሽልኝ። ማታ ስለማትኖሪ ነው አይደል?" ያን ቀን መልስ አልሰጠኋትም። በማግስቱ ግን "አዎ" አልኳት። ያቺን "አዎ" ለማለት አንድ ሌሊት ሙሉ ወስዶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወሬያችን ሌላ ሆነ።

ከሁሉም የከበደኝ መጨረሻው አካባቢ ነው። ቫዮሌት ቀድሞ ፊዱን ለማደናገር ብላ የማትገዛውን ዕቃ ሁሉ ትጠይቅ ነበር። የፊዱ ድርጅት የምትወደውን ማወቅ ስላልቻለ ለሕክምናዋ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም ይላል። ሰውነቷ ቀስ በቀስ ሲከዳት፣ ትዝታዎቿንና ሳትሞት ልታደርጋቸው የምትመኛቸውን ነገሮች ለቲቱስ ትልክለታለች። እሱ አይመልስላትም። የላከችለትን ትዝታ ያጠፋዋል። ጠላሁት። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም።

አንድ ሌሊት በሥራ ቦታ እረፍት ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ ጫማ እያየሁ ነበር። ጫማ አልፈልግም፣ ዝም ብዬ ነው የማየው። ያኔ ቫይበር ውስጥ ያሉት የአክስቴ ቮይሶች ትዝ አሉኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ የደሴ ሰው። ካረፈች ዓመት አልፏታል። ከመሞቷ በፊት ከላከቻቸው ውስጥ 11ዱን አልሰማኋቸውም። ረጃጅም ናቸው። "ነገ አዳምጠዋለሁ" እያልኩ ነበር የማልፋቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ርዝመታቸው አልነበረም የከለከለኝ። በየጊዜው ድምጿ እየደከመ ሲመጣ መስማት ፈርቼ ነው።

ቲቱስን ያወቅኩት ያን ሌሊት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሞት አስፈርቶታል። እጁ ላይ ደግሞ መደበቂያ አለ። ቫዮሌት እንደዚያ ሆና እሱ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ዓይነት ሱሪ ደጋግሞ ሲያዝ ያድራል። እኔም ጫማ ሳይ አድሬያለሁ። በመጨረሻ ግን አልጋዋ አጠገብ ሄዶ ተቀምጦ ያወራታል። ትስማው አትስማው አያውቅም።

መጽሐፉን ጨርሼ ለልጄ ስለ ቮይሶቹ ነገርኳት። "ታዲያ ለምን አብረን አንሰማቸውም?" አለች። እሑድ ቡና አፍልተን የመጀመሪያውን ከፈትነው። አክስቴ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስም እየጠራች ሰላምታ አደረሰች። ልጄ ቡና ማፍላት ችላ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ "አፈር ስሆን፣ አንዴ ድምፅሽን አሰሚኝ" አለችኝ።

ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዳ መቅጃውን ተጫነችና "አያቴ፣ ቡና ማፍላት ችያለሁ" አለቻት። ላከችው። እስካሁን ዘጠኙን ሰምተናል። ሁለት ቀርተዋል።