መጽሐፉ ከማን እጅ መጣ?

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901) እንግሊዝ ውስጥ ልብ ወለድ ማንበብ፣ በተለይ ለወጣት ሴቶች፣ አደገኛ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ቀልብ ያሳጣል፣ ትዳር ያስጠላል ተብሎ ይጻፍ ነበር። እኔ ማወቅ የፈለግሁት የተከሰሱት ልብ ወለዶች ራሳቸው አንባቢን እንዴት አድርገው እንደሳሉት ነው።

ስለዚህ ዋናውን ታሪክ ለጊዜው ትቼ፣ ገጸ ባሕርያቱ መጽሐፍ የያዙባቸውን ትዕይንቶች ብቻ ተከተልኩ። ልብ ወለዶቹ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የቆዩ መጽሐፎች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ስለሚገኙ ትዕይንቶቹን በቃል ፍለጋ ማውጣት አይከብድም። ለእያንዳንዱ ትዕይንት መጽሐፉ ከማን እጅ እንደመጣ፣ አንባቢው አጠገብ ማን እንደነበረ፣ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደተደረገ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። መጽሐፉ ምን ይላል የሚለውን ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ነገሩን የገለጠልኝም ይህ ቅደም ተከተል ነው።

በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847) መጀመሪያ ላይ ወላጅ አልባዋ ጄን መስኮት ሥር ከመጋረጃ ጀርባ ተሸሽጋ ስለ ወፎች የተጻፈ መጽሐፍ ታያለች። የአጎቷ ልጅ ጆን ያገኛታል፤ ጥገኛ ስለሆንሽ መጽሐፋችንን መንካት አትችይም ይላትና ያንኑ መጽሐፍ ይወረውርባታል። ወድቃ ጭንቅላቷ ይደማል። ያኔ ጮኻ ከሮም ቄሣሮች ጋር ታመሳስለዋለች። ስለ ኔሮንና ካሊጉላ ቀደም ብላ አንብባ፣ በልቧ ከእሱ ጋር ስታነጻጽራቸው ኖራለች። ለግፉ ስም የሰጠቻት ንባቧ ናት፤ ቅጣቱም ወዲያው ተከተለ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ያለው ትዕይንት ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሔለን በርንስ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። መጽሐፉ የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ነው፤ በ1759 የታተመ፣ ስለ አቢሲንያ ልዑል የሚተርክ፣ በኋላም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት። ጄን ተቀብላ ስታገላብጠው ተረትም ጂኒም የለበትምና አይጥማትም፤ ትመልሳለች። መጽሐፉ አልነካትም፤ ያነበበችው ልጅ ግን የመጀመሪያ ጓደኛዋ ሆነች። ከዚህ በኋላ ደብተሬን የማነበው በሌላ ዓይን ነበር።

በኤሚሊ ብሮንቴ «ውዘሪንግ ሃይትስ» (1847) ትንሿ ካትሪን፣ የአጎቷ ልጅ ሄርተን እየተንተባተበ ለማንበብ ሲሞክር ትሳለቅበታለች። እሱም በንዴት መጽሐፎቹን እሳት ውስጥ ይጨምራቸዋል። ቆይታ ተጸጽታ አንድ መጽሐፍ በነጭ ወረቀት ጠቅልላ፣ በሪባን አስራ፣ ስሙን ከነማዕረጉ ጽፋ ትልክለታለች፤ ከተቀበለ ልታስተምረው ቃል ትገባለች። ያው ልጅ፣ ያው ፊደል ነው። የተለወጠው የሰጪዋ አያያዝ ነው።

በጆርጅ ኤልየት «ዘ ሚል ኦን ዘ ፍሎስ» (1860) ያለችው ማጊ ተሊቨር ይበልጥ ታሳዝናለች። ቤተሰቧ ከስሮ መጽሐፎቿ በሐራጅ ከሄዱባት በኋላ ቦብ የተባለ ዟሪ ነጋዴ አሮጌ መጽሐፎች ያመጣላታል። ከመካከላቸው ስለ ክርስቶስ አርአያነት የሚናገረው የቶማስ ኣ ኬምፒስ መጽሐፍ አለ፤ አንድ የማይታወቅ ሰው በቀለም ያሰመረበት። ማጊ ያንን ሰው እንደ አስተማሪ ትከተላለች። ምኞቷን ሁሉ ልትገድል ትነሣለች። አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚወያያት ግን የለም፤ ጓደኛዋ ፊሊፕ የሚሞግታት ዘግይቶ ነው።

በሜሪ ኤልዛቤት ብራደን «ዘ ዶክተርስ ዋይፍ» (1864) ያለችው ኢዛቤል ደግሞ ክሱን ራሱን የምትመስል ናት፦ ልብ ወለድ የምታመልክ የሐኪም ሚስት። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ስለምታነበው ግን አብሯት አያወራም። ገጣሚ ሲመጣ ልቧ ቢሸፍት ጥፋቱን ለመጽሐፎቹ ብቻ መስጠት ትክክል አይመስለኝም።

እነዚህ ደራስያን ንባብ ሰውን አይለውጥም አላሉም። አንባቢዋን ብቻዋን ጥሎ መጽሐፉን መውቀስን ነው ያልተቀበሉት። ተመሳሳይ ሥራ መጀመር የሚፈልግ «ጄን ኤር»ን ምዕራፍ 1 እና 5፣ ከዚያ «ውዘሪንግ ሃይትስ»ን ምዕራፍ 31 እና 32 ጎን ለጎን ያንብብ።