ሦስት ሳምንት ሜዲክ ሆኜ፦ ሞርፊን ቀድሞ መውጋት ተውኩ

አርማ 3 የሚባለውን የጦርነት ቪዲዮ ጌም መጫወት ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ሜዲክ (የቆሰሉ ጓዶቹን የሚያክም ተጫዋች) ሆኜ ግን ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። ፈልጌው እንዳይመስላችሁ። የስኳዳችን (አብረን የምንጫወተው ቡድን) ሜዲክ ሥራ ቀየረና ማታ ማታ መግባት አቃተው፣ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

አርማ ብቻውን ሲሆን ሕክምናው ቀላል ነው። ቆሰልክ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ኪቱን ተጠቀምክ፣ አለቀ። እኛ ግን የምንጫወተው ኤሲኢ 3 የሚባለው ሞድ (ጨዋታውን የሚቀይር ተጨማሪ ፕሮግራም) ተጭኖበት ነው፤ እዚያ ሰውነት ስድስት ቦታ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቁስል ዓይነት አለው፣ ደም ይፈሳል፣ የልብ ምት ይወጣል ይወርዳል፣ የደም ግፊትም እንደዚያው። ኪቦርዱ ላይ ኤች ስትጫኑ የሚከፈተውን ሜኑ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዘግቼው ልወጣ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት የሬሳ ሳምንት ነበር። ጥፋቴ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ወድቆ «አመመኝ፣ ስክሪኔ ጠፋ» ሲለኝ እደነግጥና ሞርፊን እወጋዋለሁ። ሞርፊን ሕመሙን ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን የልብ ምቱንም ያወርዳል። ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ ግፊቱ ቀድሞውንም ወርዷል፣ እኔ ከላይ ሄጄ እገፋዋለሁ ማለት ነው። ጨዋታው ላይ አንድ ሰው ያለው ደም 6 ሊትር ነው፣ ግማሹ ከፈሰሰ ተስፋ የለውም። ስለዚህ አሁን ማንም ምንም ቢጮህ መጀመሪያ የማየው የሚደማውን ነው። እጅ ወይም እግር ከሆነ ቱርኒኬት (ጠብቆ ታስሮ ደሙን የሚያቆም ማሰሪያ)፣ ራስ ወይም ደረት ከሆነ ቀጥታ ፋሻ። ቱርኒኬት ራስና ደረት ላይ አይታሰርም (አንገቱ ላይ ላስርለት የፈለግኩት ጓደኛ አለኝ፣ ግን በሌላ ምክንያት ነው)።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሌቴ ልምጣ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ጓደኛዬ ቀኝ እግሩን ተመታ፣ ቱርኒኬት አሰርኩለት፣ ደሙ ቆመ፣ ኮራሁ። ከዚያ ሕመሙን ላስታግስለት ብዬ እዚያው ቀኝ እግሩ ላይ ሞርፊን ወጋሁት። ምንም ለውጥ የለም። ትንሽ ጠበቅኩና ደገምኩ። አሁንም ምንም። ጨዋታው ተበላሽቷል ብዬ እየተራገምኩ ሦስተኛም አራተኛም ጨመርኩለት። ቁስሉን በፋሻ ጨርሼ ቱርኒኬቱን ስፈታው ልጁ ወዲያው ልቡ ቆመ። ለካ ቱርኒኬት የታሰረበት እጅና እግር ላይ የተወጋ መድኃኒት እዚያው ተዘግቶ ይቀመጣል፣ ሲፈታ ሁሉም አንድ ላይ ይገባል! የደም ከረጢቱም እንደዚያው ነው፤ በታሰረ እግር ላይ ብትሰቅሉት አይወርድም። ስታስቡት ልክ ነው፣ ደም የማያልፍበት መንገድ መድኃኒት በየት ይለፍ? ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ሁሌ የምወጋው ባልታሰረ እጅ ላይ ነው፣ ሳልወጋ በፊትም የልብ ምቱን አያለሁ። ቱርኒኬቱንም ደሙ ከቆመ በኋላ አልረሳውም፣ ሲቆይ ራሱ ሕመም ያመጣል።

ፋሻ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አራት ዓይነት ነው፣ እኔ ግን ሁሉም አንድ መስሎኝ እጄ የገባውን ነበር የምለጥፈው። ኢላስቲኩ ቁስል ቶሎ ይዘጋል፣ ግን ቶሎ ይከፈታል። ክዊክክሎት የሚባለው ፋሻ ሲዘጋ ደካማ ነው፣ ከዘጋ በኋላ ግን ረጅም ጊዜ ይይዛል። መከፈቱ ሰርቨሩ ላይ የሚስተካከል ነገር ነው፣ የእኛ ላይ በርቷል። «ድነሃል፣ ተነስ» ብዬ የሸኘሁት ሰው ጥቂት ሮጦ እንደገና ሲወድቅ የገባኝ ያኔ ነው፤ የታሸገ ቁስል የዳነ ቁስል አይደለም። መሰፋት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ኪት ያስፈልጋል። ተኩስ መሃል መስፋት አይታሰብም። ስለዚህ ሩጫ ላይ ኢላስቲክ፣ ከግድግዳ ጀርባ ስንደርስ መርፌና ክር።

ነርስ የሆነችው እህቴ አንድ ማታ ከኋላዬ ቆማ ታየኝ ነበር። ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) እና ደም ሦስቱም የፈሰሰውን ደም እኩል መጠን እንደሚሞሉ ስነግራት ሳቀች። «ሳላይን ኦክስጅን ይሸከማል እንዴ?» አለችኝ። ለጨዋታው ግን 500 ሚሊ ሳላይን ያው 500 ሚሊ ደም ነው። እኛ ስኳድ ውስጥ ሁሉንም «ግሉኮስ» ነው የምንለው፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ ጨዋታው ውስጥ የለም። ለተሰበረ እግር ስፕሊንት የሚባል መደገፊያ አለ፣ አንድ ጊዜ ስታስረው ሰውየው ይነሳል። ወጌሻ ቢያይ ይቀናል።

ልብ ሲቆም ያለውን ክፍል ገና በደንብ አልያዝኩትም። ደረቱን እየተጫንክ ሌላ ሰው ከረጢት እንዲሰቅል ማድረግ አለብህ፤ ብቻህን ከሆንክ አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጥሃል። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሰው ሆነን ሊሳካልን ሲል መብራት ሄደ። ልጁ ተርፎ ይሁን ሞቶ ያወቅኩት በማግስቱ በቴሌግራም ነው። ሞቷል።

ኤፒነፍሪንንም (የልብ ምት የሚያፋጥነውን መርፌ) አሁን የምይዘው ለመጨረሻ ነው፤ ደሙ ቆሞ፣ ከረጢቱ ገብቶ፣ ምቱ ተስተካክሎ እያለ አልነቃ ላለ ሰው።

ቅዳሜ ማታ እንደገና እንገባለን። ያ አራት ሞርፊን የተወጋው ጓደኛዬ ግን ከአሁኑ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ቢመታ እኔ ቱርኒኬቱን ብቻ አስሬ እጄን ወደ ኪሴ እንድመልስ።