የወሎ ቅሬ ለቦረቦሩ ገንዘብ ከየት ያገኛል?

ፈንድ ፍለጋ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ ያለ ኤምባሲን ወይም ኢንተርኔት ላይ የወጣ ጥሪን ነው። ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ወይም ሐብሩ፣ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር እርሻውን እየበላበት ላለ ጎጥና ለቅሬው (የወሎ ዕድር) ግን የመጀመሪያው በር ቀበሌው ነው። ለተፋሰስ፣ ለውሃና ለደን የሚወጣው የመንግሥት ገንዘብ፣ ከውጭ በብድርና በዕርዳታ የመጣው ጭምር፣ አብዛኛው የሚያልፈው በወረዳ በኩል ነው። ወረዳው ደግሞ በቀበሌ ዕቅድ ውስጥ ለሌለ ሥራ ልስጥ ቢል እንኳ ገንዘቡን የሚያወጣበት መደብ የለውም። ባለ 30 ገጽ ፕሮፖዛል ይዞ ቢሮ ለቢሮ ከመዞር በቀበሌው ዕቅድ ላይ አንድ መስመር ማስገባት ይበልጣል።

ያ መስመር የሚገባበት ጊዜ ግን አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድና የበጀት ጥያቄ የሚሰበሰበው ከዚያ ወራት ቀድሞ፣ በበጋው ነው። ግንቦት ላይ ማመልከቻ ይዞ የሄደ ኮሚቴ «ለከርሞ ይታያል» ተብሎ ይመለሳል። መልሱ ክፋት አይደለም፤ ቁጥሩ ተዘግቷል። የሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ ደግሞ ጥር አካባቢ ስለሚጀምር ዕቅዱ ከዚያ በፊት በመኸሩ ወራት ያልቃል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋን መስከረም ላይ ማግኘትና ጥር ላይ ማግኘት የአንድ ዓመት ልዩነት አለው።

ሌላው ጣጣ የዝናቡና የበጀቱ አቆጣጠር አለመግጠሙ ነው። ችግኝ የሚተከለው ሐምሌ ላይ አፈሩ በደንብ ሲርስ ነው። ሐምሌ ደግሞ ያለፈው ዓመት ሒሳብ የተዘጋበት፣ የአዲሱ ገንዘብ ገና ያልተለቀቀበት ወር ነው። ዘግይቶ የሚያድግ የአገር በቀል ዘር፣ ወይራና ጽድ ለምሳሌ፣ ለሐምሌ እንዲደርስ ችግኝ ጣቢያ የሚገባው ከኅዳር በፊት ወይም በኅዳር ነው። ስለዚህ የፕላስቲክ ከረጢት፣ የዘርና የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ወጪ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት እንዲለቀቅ በዕቅዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ገንዘቡ መጋቢት ላይ ከደረሰ ለዚያ ክረምት ችግኝ የለም። ያን ጊዜ ኮሚቴው በችኮላ የሚያገኘው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ለቦረቦር ዳርና ለምንጭ ራስ ባሕር ዛፍ ተክሎ ውሃ መጠበቅ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው።

ገንዘቡ ያለባቸው ኪሶች ብዙ አይደሉም። የወረዳው ጥቅል በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ከዚህ ጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው፤ ባለሙያ፣ ችግኝ፣ ቅየሳና መኪና ቢጠየቅ ግን ይገኛል፣ በፕሮፖዛሉ ላይም «የመንግሥት ድርሻ» ተብሎ በብር ተተምኖ ይገባል። ሴፍቲኔት በ1997 የተጀመረ ፕሮግራም ነው። የወሎ ብዙ ወረዳዎች በውስጡ ስላሉ ለጉልበቱ ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም፤ ለመሣሪያና ለጋቢዮን (በድንጋይ ለሚሞላ የሽቦ ሳጥን) ሽቦ የሚሆን የካፒታል ወጪም አለው። በ2011 በዓለም ባንክ ድጋፍ የጸደቀው የመልክዓ ምድር አያያዝ ፕሮግራም፣ ባለሙያዎቹ «ካልም» የሚሉት፣ ለመንግሥት ገንዘብ የሚለቀው ውጤት ሲረጋገጥ ነበር። የእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ጠባይ ካርታና የአያያዝ ዕቅድ ያለውን ተፋሰስ ማስቀደም ነው። የተፋሰስ ካርታ የሌለው ቀበሌ፣ ፕሮግራሙ ምንም ይባል ምን፣ ወረፋው ኋላ ነው።

ለመጠጥ ውሃ በአማራ ክልል ጥሩ ልምድ አለ። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በክልሉ የተጀመረውና በኋላ በኮዋሽ (በፊንላንድና በኢትዮጵያ መንግሥታት የገጠር ውሃ ፕሮጀክት) የሰፋው አሠራር ገንዘቡን ለኮንትራክተር ሳይሆን በቀጥታ ለተጠቃሚዎቹ የውሃ ኮሚቴ ይሰጣል። ማኅበረሰቡ ያመለክታል፣ ወረዳው መጀመሪያ ሰነዱን ከዚያ ቦታውን ያያል፣ ከጸደቀ ኮሚቴው በብድርና ቁጠባ ተቋሙ (የዛሬው ፀደይ ባንክ) ሒሳብ ከፍቶ በየምዕራፉ ያወጣል። የማኅበረሰቡ ድርሻ ቢያንስ 15 በመቶ ነው፤ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ይታሰባል። የመጀመሪያውን ክፍያ ሳያወራርዱ ሁለተኛው አይለቀቅም። ብዙ ኮሚቴ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ሲሚንቶ ገዝቶ ማወራረድ ያቅተዋል። ከኩታበር ገበያ በደረሰኝ ከመግዛት ያለደረሰኝ ከጓሮ መግዛት ሊረክስ ይችላል፣ ነገር ግን ርካሹ ሲሚንቶ ቀጣዩን ክፍያ ያስቀራል።

ከወረዳ ውጭ ሁለት በሮች ይጠቀሳሉ። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚተዳደረው የግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ የአነስተኛ ዕርዳታ ፕሮግራም ለማኅበራትና ለአገር በቀል ድርጅቶች ይሰጣል። ጣሪያው ለረጅም ጊዜ 50,000 ዶላር ነበር፤ ለዕቅድ ዝግጅት ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ገንዘብም አለው። ብዝኃ ሕይወትን፣ የመሬት መራቆትንና የአየር ንብረትን ያያል። የሐይቅና የአርዲቦ ዳርቻ፣ የየጎፍ ደን ወይም የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥራ ለዚህ ይስማማል፤ የቀበሌ መንገድ አይስማማም። የጃፓን ኤምባሲ የታችኛው ኅብረተሰብ ዕርዳታ ደግሞ ለትምህርት ቤት፣ ለጤናና ለውሃ ግንባታ ነው። ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ አይከፍልም፣ የሦስት ድርጅት ዋጋ ማቅረቢያም ይጠይቃል።

አሁን ወደ ማንነት ጥያቄ። ቅሬ በወሎ ከማንም በላይ ሰው የሚሰበስብ ተቋም ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ቅሬ ስንት ነው። ሆኖም ዕድርና እቁብ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ውጭ ናቸው፣ በዚያ ሕግ ተመዝግበው ለጋሽ ጋር ውል መፈረም አይችሉም። ሦስት መንገድ አለ። አንዱ በቀበሌው ኮሚቴና በወረዳው ስም መሥራት ነው፤ ቀላልና ፈጣን፣ ግን ሒሳቡ በእጃችሁ አይደለም። ሁለተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር መሆን ነው። ሦስተኛው የተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት ከፊት አስቀድሞ ቅሬውን አስፈጻሚ አጋር ማድረግ ነው። ለአንድ ቦረቦር ብቻ አዲስ ድርጅት ማስመዝገብን አልመክርም። የዓመት ሪፖርቱና የኦዲት ወጪው ከሚገኘው ገንዘብ ይበልጣል። ሣር፣ ማርና ዛፍ የሚሸጥበት ቦታ ካለ ግን የተጠቃሚዎች ማኅበሩ ዋጋ አለው፤ ገቢው በሕግ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

የሚያሳምን ፕሮፖዛል ቁጥር አለው። «ሰፊ ቦረቦር» ከማለት መለካት ነው። ርዝመቱ 240 ሜትር፣ አማካይ ቁልቁለቱ 12 በመቶ የሆነ ቦረቦር አለ እንበል። ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጎርፉን የሚገታ የድንጋይ ክትር ከተሠራ፣ በክትሮች መካከል ያለው ርቀት ከፍታው በ1.2 ተባዝቶ ለቁልቁለቱ ሲካፈል ነው፤ 1.2 ለ0.12 ሲካፈል 10 ሜትር። ስለዚህ 24 ክትር። አማካይ ወርዱ 4 ሜትር፣ ከመሠረቱ ጋር ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሜትር ቢሆን አንዱ 6 ሜትር ኩብ፣ ሁሉም 144 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። በተለመደው የሥራ ልክ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ይሠራል፤ 288 የሰው ቀን ማለት ነው። ድንጋዩ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ የማጓጓዣው ቀን ለብቻ ይታሰባል። ከቦረቦሩ በላይ ያለው ተዳፋት 3 ኪሎ ሜትር የጋራ ላይ እርከን ቢፈልግ፣ በኪሎ ሜትር 250 የሰው ቀን ተይዞ 750 ይሆናል። ድምሩ 1,038። ወረዳው የሚጠቀምበት የቀን ተመን 250 ብር ቢሆን የማኅበረሰቡ ድርሻ 259,500 ብር ነው። ይህን ቁጥር ያየ ገምጋሚ ሰዎቹ ቦታውን እንደረገጡት ያውቃል።

ከላይ ያለውን እርከን ትቶ ለክትር ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮፖዛል ጎርፉን ሳይነካ መንገዱን ብቻ ይጠግናል፤ በአንድ ሐምሌ ይጠረጋል። የክትሩ ሁለት ጫፎች ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካልገቡ ውሃው በጎን ይዞራል። መሐሉ ዝቅ ያለ ማስተንፈሻ ከሌለው ጫፉን ይበላል። ከማስተንፈሻው ሥር የድንጋይ ንጣፍ ካልተደረገ የሚወርደው ውሃ መሠረቱን ቆፍሮ ክትሩን በግንባሩ ይደፋዋል። እነዚህ ሦስቱ በሥዕል ተደርገው ከፕሮፖዛሉ ኋላ ይያያዙ። ጋቢዮን ለሁሉም አያስፈልግም፤ ጎርፍ በሚገናኝበትና ስፋቱ በሚበዛበት ሁለት ሦስት ቦታ ይበቃል። ሽቦው ነው ውዱ።

የሥራ ቀኑን በወር 26 አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። በየሰፈሩ ቅዳሜና እሑድ አለ፣ ዓርብ አለ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 ባለወልድ አለ። ሁለቱም እምነት በሚኖርበት ጎጥ ሁሉም ሰው አንድ ላይ የሚወጣበት ቀን በወር ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። በልግ በሚዘራባቸው ደጋዎችማ የካቲትና መጋቢት በእርሻው ይያዛሉ። ሌላ ደግሞ፦ በጥር የተፋሰስ ዘመቻ የወጣውን የጉልበት ቀን ለለጋሹ ድርሻ አድርጎ መልሶ መቁጠር አለ። ሁለቱ ሰነዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙ ዕለት ፕሮጀክቱ ይቆማል።

በጀቱ ላይ አራት ነገር ይታይ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ ፕሮፎርማው ታክሱን ያካተተ መሆኑ በጽሑፍ ካልተገለጸ ገንዘቡ በግዢው ቀን ያንሳል። የፕሮፎርማ ዕድሜ አጭር ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሽቦና ፓምፕ በስድስት ወር ውስጥ ዋጋው ሌላ ይሆናል፤ ከማስገባታችሁ በፊት ባለው ሳምንት አድሱት። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ከእውነተኛ ሦስት ነጋዴዎች ይምጡ፤ በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ሦስት ወረቀት ኦዲተር በዐይኑ ይለየዋል። የአገር በቀል ድርጅት በመሐል ካለ ደግሞ በአዋጁ የአስተዳደር ወጪው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው ቃለ ጉባኤ ነው። ወል መሬት ከከብት ንክኪ ነፃ ይሁን ሲባል ሣሩን የሚያጣ ሰው አለ፣ እሱ ሳይፈርም የተጀመረ ሥራ በክረምቱ ይፈርሳል። እንዲህ ዓይነት ቃል ይበቃል፦ «ከጎጣችን በላይ ያለው የወል መሬት፣ በቅየሳው ወሰን መሠረት፣ ለ3 ዓመት ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት፤ ሣሩ በኅዳር በማጭድ እየታጨደ ለአባወራና ለእማወራ እኩል እንዲከፋፈል፤ የጥበቃው ወጪ ከሣሩ ሽያጭና ከየቤቱ መዋጮ እንዲሸፈን፤ ይህን የጣሰ በቅሬው ደንብ እንዲዳኝ ተስማምተናል።» ስም፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የቀበሌው ማኅተም። የመጨረሻው ሐረግ ቀላል አይደለም። ፍርድ ቤት የሚጥለውን ቅጣት ከፍሎ ከብቱን መልሶ የሚያስገባ ሰው አለ፤ ከቅሬ መውጣትን ግን ማንም አይደፍርም። የሴቶች ፊርማ ቁጥርም ይታያል፤ ውሃ ቀጂዋ ያልፈረመችበትን የውሃ ፕሮጀክት ገምጋሚ አያምነውም፣ ትክክልም ነው።

ከዚህ ጋር የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የወል ይዞታው ማስረጃ፣ የአካባቢና የማኅበራዊ ተፅዕኖ ማጣሪያ ቅጽ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሦስት ፈራሚ ያለበት የባንክ ሒሳብ (ሁለቱ ሳይፈርሙ የማይወጣ) ይያያዛሉ። የማጣሪያ ቅጹን ወረዳው ነው የሚሞላው፤ ምንጭ፣ መቃብርና የእምነት ቦታ ቅርብ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በኋላ የተገኘ እንደሆነ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ ለሪፖርቱ ፎቶ ከአንድ ቦታ ይነሣ፤ ድንጋይ ላይ ቀለም ቀብቶ እዚያው ቆሞ ከሥራው በፊት፣ ከክረምቱ በኋላና በበጋ። የችግኝ ጽድቀት ቆጠራም እንዲሁ ሁለቴ ነው። መስከረም ላይ ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ 90 በመቶ ጸድቋል ማለት ይቻላል፤ ለጋሹ የሚመጣው ግን ግንቦት ላይ ነው። ሁለቱንም ቁጥር ከነቀኑ ጻፉ፣ በግንቦት የደረቀውን የምትተኩበት ችግኝም ከመጀመሪያው በበጀቱ ይኑር፤ ለ10,000 ችግኝ 2,000 መተኪያ ብዙ አይደለም።