ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት፣ በመስኮት በኩል

ትምህርት ቤት ጂኦግራፊን ተፈጥሯዊና ሰብዓዊ ብለን ለሁለት ከፍለን ሸምድደናል። ለፈተና ይበቃል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ግን ሁለቱን መለየት ይቸግረዋል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳር ላይ ጠዋት መናኸሪያው ሁሉ ጋቢ ነው። ውርጩ የሚያዋጣውን ይመርጣል፤ ገብስና በግ። ከበጉ ጸጉር የመንዝ ባና ይሠራል። የአየር ንብረት አጥኚው ከብርዱ ቢጀምር፣ የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ሰው ከባናው ቢጀምር፣ መገናኘታቸው አይቀርም።

ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ የሠራው ዋሻ እዚህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ውሃው ነው። በምዕራብ በኩል የዘነበው በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ሜዲትራኒያን ድረስ መንገድ አለው። በምሥራቅ የዘነበው ወደ አዋሽ ይወርድና አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባሕር የሚባል አያይም! መሬቱ ተሰንጥቆ ስምጥ ሸለቆ ሲሆን ጠርዙ እንዲህ ገደል ሆኖ ቀረ። ይህን የመሬት ቅርጽ የሚያጠናው ጂኦሞርፎሎጂ ነው። ገደሉ ዛሬም አላረፈም። በ1998 መስከረም ደብረ ሲና አጠገብ፣ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ቤትና ማሳ ይዞ ሄደ።

ደብረ ሲና ስንቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አንዷ ልጅ በጣሳ ለክታ እጄ ላይ ገለበጠችልኝ፤ ገና ትኩስ ነው። አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጋበዝኳቸውና፣

«አባባ፣ ጋቢውን አያወልቁም? ሞቀ እኮ» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ አርማኒያ እንድረስ።»

መጽሐፍ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል ይላል። እሳቸው በከተማ ስም ነው የሚለኩት። እውነትም አርማኒያን ስናልፍ ጋቢው ታጥፎ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ።

ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማንጎ፣ ሽንኩርትና ማሾ ይበቅልባታል። ሽማግሌው ከጣሪያው ላይ አንድ ማዳበሪያ ገብስ አስወረዱ። ሲመለሱ በማሾ ሞልተው ይዘውት ይወጣሉ። ለጭነቱ ስንት እንደሚከፍሉ ግን ከረዳቱ ጋር ገና አልተስማሙም።