«ያሰለቻል፤ ይውጣ»

የልጆች መጽሐፍ እጽፋለሁ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሥዕሉንም ራስህ ነህ የምትሥለው?» ብሎ ነው። አይደለሁም። እግዜር ይስጠውና ሠዓሊ የሚባል ሰው አለ። እኔ ፈረስ ስሥል ያየ ሰው «ጠረጴዛዋ ለምን ጭራ አወጣች?» ነው የሚለኝ። ይህንን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ የጸሐፍት ጉባኤ ላይ ነው። የመክፈቻውን ንግግር ያደረጉት ሰብሳቢዋ ነበሩ፤ 40 ደቂቃ። በአሥረኛው ደቂቃ አንድ ቁም ነገር ልጽፍ ብዬ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ፤ በሠላሳኛው መልሼ ከደንኩት። ደግ ሴት ናቸው። ይህንንም ከወዲሁ ልናገር።

ከሰዓት በኋላ ግን ዎርክሾፑ ወርቅ ነበር። አሠልጣኟ ለእያንዳንዳችን 8 ባዶ ወረቀት አደለችንና «መሐል ለመሐል እጠፉት» አለች። አጠፍነው። 32 ገጽ ሆነ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ለካ ማንም ስለወደደው አይደለም፤ ማተሚያ ቤቱ ትልቁን ወረቀት በፊትም በጀርባም አትሞ ሲያጥፈው 16፣ 16 ገጽ እየሆነ ስለሚወጣ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ የርዕሱ ገጽ፣ የቅጂ መብቱ፣ «ለውድ እናቴ» የሚለው መታሰቢያ ድርሻ ድርሻቸውን ይቆነጥራሉ። ታሪክህን የምታኖረው በተረፈችው ላይ ነው። እኔ ያን ጊዜ የያዝኩት የጉማሬ ታሪክ ግን ወንዝ ብቻውን ይሞላል።

ይህን የታጠፈ ነገር ዳሚ ይሉታል። ጽሑፍህን ቆራርጠህ በየገጹ ትለጥፋለህ፤ ሥዕሉ የሚገባበት ቦታ ላይ የመጣልህን ትሞነጫጭራለህ። የማንንም ፊት የሁለቱ ገጽ ማጠፊያ ላይ አታስቀምጥም፣ ስፌቱ አፍንጫውን ይውጠዋል። ዋናው ምሥጢር ግን ገጽ መግለጡ ላይ ነው አለችን። በቀኝ በኩል ልጁን አንጠልጥለው፤ ትንሽ ዝም በል፤ ገጹ ሲገለጥ መልሱ በግራ ይጠብቀው። «ዝምታውን አትፍሩት» አለች። ሦስት ጊዜ አሰመርኩበት። ምነው ባላሰመርኩበት!

በማግሥቱ ለእያንዳንዳችን ከአንዲት አርታኢ ጋር 10 ደቂቃ ተሰጠን። ጉማሬዬን አነበበች። ዋና የሚፈራ ትንሽ ጉማሬ ነው። ጣቷን አንድ ገጽ ላይ አሳርፋ «እዚህ ያስባል» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ገለጠች። «እዚህም ያስባል።» «አዎ።» እንደገና ገለጠች። «እዚህ ደግሞ ስላሰበው ነገር ያስባል።» ቀና ብላ አየችኝ። የቀረኝን 8 ደቂቃ እኔም እንደ ጉማሬው ሳስብ አሳለፍኩት።

ማታ መኝታ ክፍሌ ገብቼ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በንዴት፣ ዳሚው ጠርዝ ላይ ለራሴ ማስታወሻ ጻፍኩ። ራቅ ብዬም እንዲታየኝ በትልልቁ። «ያሰለቻል፤ ይውጣ።» «እዚህ የሚያስቅ ነገር ፈልግ!!» መጨረሻ ላይ ለምትመጣው ለአዋቂዋ ጉጉትም አንድ ጻፍኩላት። እሷን ትንሽ ቆየት ብለን እንመጣባታለን።

ከጉባኤው ስንወጣ ሰብሳቢዋ ክንዴን ያዝ አድርገው «ለልጆቹ መጥተው ቢያነቡልን» አሉኝ። ቀኑ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2፣ ዓለም አቀፉ የሕፃናት መጻሕፍት ቀን ነበር። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። የታተመውን መጽሐፌን በካኪ ፖስታ ከትቼ አዘጋጀሁ። ዳሚውም በካኪ ፖስታ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ቀኑ ደረሰ። ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል። ሰብሳቢዋ መድረኩን ከፈቱ። ቀኑ የተመረጠው ዴንማርካዊው የተረት ጸሐፊ አንደርሰን ስለተወለደበት ነው ብለው በፈረንጆቹ ከ1805 ተነሡና፣ ቀኑ መከበር እስከጀመረበት እስከ 1967 ድረስ አንድም ዓመት የሚዘልሉ አይመስሉም ነበር። 1840ዎቹ አካባቢ ሁለት ልጆች ተኙ። ተራዬ ሲደርስ ፖስታውን ከፈትኩ፤ ጉማሬው ወጣ።

የራስህን መጽሐፍ በቃልህ አታውቀውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ አውቀዋለሁ፤ ሰባቱንም ረቂቅ። የትኛው እንደታተመ ነው የጠፋኝ። ስለዚህ ደረቴን ነፋ አድርጌ «ዛሬ ማንም ያልሰማው አዲስ ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

ለልጆች ስታነብ መጽሐፉን ወደ እነሱ አዙረህ፣ አንተ አንገትህን ጠምዝዘህ ከጎን ነው የምታነበው። ስለዚህ እነሱ የሚያዩትን አንተ በደንብ አታየውም። ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ አንዱ «ጋሼ፣ ትራሱ ለምን ዐይን አለው?» አለኝ።

«ትራስ አይደለም፣ ጉማሬ ነው።»

«እሺ» አለ፣ የታመመ ሰው በሚያጽናኑበት ድምፅ።

ማሰብ የሚጀምርበት ገጽ ላይ ደረስን። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች፣ የላይ ጥርሶቿ የወለቁ፣ ማንበብ ገና የጀመረች ልጅ አለች። ጣቷን ወደ ዳሚው ቀስራ ፊደል ትለቅማለች። «ያ... ሰ... ለ... ቻ... ል። ያሰለቻል! ይ... ው... ጣ። ይውጣ!»

እኔ ምን እንደምታነብ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ልጆቹ ግን ወዲያው ገባቸው። «ይውጣ! ይውጣ! ይውጣ!» ምንጣፉን እየደበደቡ። አርታኢዋ በ10 ደቂቃ ያልቻለችውን ሠላሳ ልጅ በ10 ሰከንድ ጨረሰው። ሦስቱን ገጽ አንድ ላይ ዘለልኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ምንም አልጎደለበትም።

አሁን ልቤ ሞቅ አለ። የመጨረሻው መንጠልጠያ ጋ ደረስን፤ ያሠለጠኑኝን ላሳይ ነው። «ትንሹ ጉማሬም ዐይኑን ጨፈነ። ትንፋሹን ሳበ። ከዚያም ወደ ጥልቁ ውኃ... ዘለለ።» ዝም አልኩ። ዝምታውን አልፈራሁትም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

«ሞተ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«አልሞተም!» ብዬ በጥድፊያ ገለጥኩ። ሙጫው በደንብ አልደረቀም ነበርና ሁለት ቅጠል ተጣብቆ አብሮ ተገለጠ። ጉማሬው እየሳቀ የሚዋኝበት ገጽ ታለፈ። የተከፈተው እናትየው በደስታ የምታለቅስበት ነው። ደስታውን የሚናገረው ደግሞ ጽሑፉ እንጂ ሥዕሉ አይደለም፤ እኔ የሣልኩት ትልቅ ትራስና ስድስት የዕንባ ጠብታ ነው።

«ይኸው፣ እናቱ እያለቀሰች ነው!»

ምንጣፉ ላይ ለቅሶ ተነሣ። አንዷ ጀመረች፣ ጎረቤቷ ተቀበለች፣ ተኝተው የነበሩት ሁለቱ ነቅተው ምን እንደሆነ እንኳን ሳይጠይቁ ተቀላቀሉ። እኔ የተጣበቀውን ገጽ በጥፍሬ እየፈለቀቅኩ «ይዋኛል! እዩት፣ ይዋኛል!» እላለሁ። ወረቀቱ ተቀደደ። ከጉማሬው የተረፈው የኋላ እግሩ ብቻ ነበር።

ያች ጥርሰ ወላቃ አላለቀሰችም። ሥራ ላይ ናት። ከእናትየው ራስ በላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ጉጉቷ አለች፤ ከጉጉቷ አጠገብ በቀይ የተጻፈ አለ። «ጉ... ጉ... ቷ...» ስትል ትዝ አለኝ። ዳሚውን ልዘጋው ስል ጫፉን ያዘችው። «ቆይ ጋሼ፣ አልጨረስኩም። ጉጉቷ... እንደ... ሰብሳቢዋ... ት... ና... ገ... ር። ረጅምና... ባ... ዶ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ዝምታ ማለት ያ ነው፤ አሠልጣኟ በነበረችና በሰማችው።

«ጋሼ፣ ሰብሳቢዋ ማን ናት?»

ሠላሳውም ልጅ እኔን ያያል። እኔ የጉማሬውን እግር አያለሁ። ሰብሳቢዋ ቀስ ብለው ተነሥተው ማይክሮፎኑን ያዙ፤ ለመዝጊያ ያዘጋጁት ጽሑፍ አራት ገጽ ነበር፤ በዐይኔ ቆጥሬዋለሁ። አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አመሰግናለሁ» አሉና ተቀመጡ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሚቀጥለው ጉባኤ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዣለሁ። ፊርማው የእሳቸው ነው። ርዕስ፦ «ለልጆች አጥሮ መጻፍ»። የተመደበልኝ ጊዜ፦ 40 ደቂቃ።