ማጥበቅ የማያቆመው ዘይት፦ የኮፓ ጓርኒሲዮን አቀያየር በድሬዳዋ

«ጠበቅ እናድርገው።» ከሥሯ ዘይት የምታፈስ መኪና ጋራዥ ስትገባ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ሕክምና ይህ ነው። ለጥቂት ጊዜ ፋታ ይሰጣል፤ ከዚያ ፍሳሹ ብሶበት ይመለሳል። የራሴን መኪና ኮፓ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ አውርጄ ካየሁ በኋላ ግን፣ ዘይት የሚያስወጣው የላላ ብሎን ብቻ ሳይሆን ያለ ልክ የጠበቀ ብሎንም እንደሆነ በዓይኔ አረጋግጫለሁ። በኮፓውና በሞተሩ መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ የቀየርኩበትን ሥራ እንዲህ ዘርዝሬ የምጽፈው ሌላው ሰው ገንዘቡን በከንቱ እንዳይጨርስ ነው።

መኪናዬ ዲኤክስ የምንላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ድሬዳዋ ውስጥ ስትዞር ፍሳሿ ያን ያህል አያስጨንቅም ነበር። ወደ ሐረር ስወጣ ግን መንገዱ ላይ ያለው የደንገጎ ዳገት ሁሉን ነገር ያወጣዋል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ረጅም ጊዜ ይጨነቃል፣ ዘይቱ ግሎ ይቀጥናል፣ ቀጭን ቀዳዳ ያገኘ ዘይት ደግሞ የጭስ ማውጫው ላይ ይንጠባጠባል። የተቃጠለ ዘይት ሽታ መኪና ውስጥ ከገባ ጉዳዩ የንጽሕና መሆኑ አብቅቷል። የጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ የዘይት መለኪያው ሳይታይ ከጎደለ ደግሞ የሚጠፋው ሞተሩ ነው።

ኮፓ ሁልጊዜ ይከሰሳል፤ ምክንያቱም ከላይ የፈሰሰ ሁሉ ወርዶ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። በሞተሩ አናት ላይ ያለው የባልቮላው ክዳን ጓርኒሲዮን ያረጀ እንደሆነ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ተንሸራቶ ኮፓው ጠርዝ ላይ ይደርሳል። የዘይት ግፊት የምታሳውቀው ትንሿ ጠቋሚ፣ ፊልትሮው፣ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የኋላ ፓራኦሊዮ (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያግድ ቀለበት)፣ እነዚህ ሁሉ ጥፋታቸውን ኮፓው ላይ ያሳያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ሞተሩን ማጠብ ነው። የድሬዳዋ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ምርጊት ስለሚጠነክር በብሩሽና በናፍጣ ፈቅፍቄ፣ በሳሙና ውሃ አጥቤ፣ በደንብ እንዲደርቅ ተውኩት። ከዚያ የኮፓውን ዙሪያና ከበላዩ ያለውን የሞተር ግድግዳ የሕፃናት ፓውደር ነሰነስኩበት፤ ሞተሩን አስነስቼም እንዲሞቅ አደረግሁ። ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ ራሱ መንገዱን ይሥላል። ከላይ የወረደ መስመር አልነበረም። በግራ በኩል ካለው የኮፓው ጠርዝ፣ በሁለት ብሎኖች መካከል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ብሎ እየሰፋ ሄደ። ብሎኖቹ አጠገብ ግን ፓውደሩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይመጣል።

ጓርኒሲዮኑን ስትገዙ አትቸኩሉ። የቡሽ ጓርኒሲዮን በእኛ ከተማ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ዓመታት ከቆየ ደርቆ ይኮማተራል። እኔ ባለሱቁን አስፈቅጄ ጫፉን በጣቴ ዙሪያ ጠምዝዤ ነው የማየው። ሳይሰነጠቅ ከታጠፈ ደህና ነው፤ ብስኩት ሆኖ ከተሰበረ እዚያው ይቅር። በትንሹ ብቻ ተኮማትሮ ቀዳዳዎቹ አልገጥም ያሉትን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ጎማ የተቀላቀለበት ቡሽ ከተገኘ ደግሞ እሱን እመርጣለሁ።

ማውረዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ጀመርኩ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ጠንካራ የብረት መቆሚያ አስገባሁ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መተኛት ሕይወትን ማስያዝ ነው። ዘይቱን ለብ እንዳለ አፈሰስኩ። ሞተሩ ያረፈበት የብረት ተሻጋሪ ኮፓውን አላስወጣ ስላለ፣ የሞተሩን መያዣ ዳዶዎች አላልቼ ሞተሩን በጣውላ አስደግፌ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ብሎኖቹ ባለ 10 ቁልፍ የሚፈታቸው ናቸው፤ አራቱን የማዕዘን ብሎኖች መጨረሻ ላይ ተውኩ። ኮፓው ተጣብቆ አልወርድም ሲል ካቻቢቴ መክተት ይቀናናል። አታድርጉት፤ ጠርዙን ያጎብጠዋል። በጎማ መዶሻ ጎኑን መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ኮፓው ሲወርድ ያየሁት ነገር እስካሁን ያናድደኛል። ከዚህ ቀደም መኪናዋን የነካ ጋራዥ ጓርኒሲዮኑን ሳይቀይር በሲሊኮን ደፍኖት ነበር። ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ከውስጥ ግን ጠርዙን ተከትሎ የተገፋው ሲሊኮን ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ ግራጫ ክር የመሰለ ነገር ኮፓው ውስጥ ይንሳፈፋል። ከፊሉ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት ላይ ተለጥፏል። በጣቴ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ያ ወንፊት ሙሉ በሙሉ ቢደፈን ኖሮ ዘይት ወደ ላይ አይደርስም፤ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታዎች ደርቀው ይቃጠላሉ። ትንሽ ፍሳሽ ለማቆም ሲባል ሞተሩን በሙሉ አደጋ ላይ ጥለውት ነበር ማለት ነው። የሚወርድ ኮፓ ሁሉ ይህን አጋጣሚ ይሰጣል፦ ወንፊቱን እዩ፣ ደለሉን እዩ፣ ማግኔት ይዛችሁ ታች የቀረውን ዘይት ዳስሱ። ደቃቅ የብረት ዱቄት ባረጀ ሞተር የሚጠበቅ ነው፤ በዓይን የሚታይ ፍንካች ካለ ግን ኮፓውን ከመመለስ በፊት መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ የምድር ባቡሩ ወርክሾፖች ስንት የብረት ባለሙያ አፍርተዋል፤ በጡረታ የወጡት ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ከእነሱ አንዱን፣ ጎረቤቴን ጋሼን፣ ኮፓውን ይዤ ሄድኩ። ገና ሳይነኩት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ጠርዙ ላይ አጋደሙና ወደ ብርሃን አዞሩት። በየብሎን ቀዳዳው ቆርቆሮው ወደ ላይ ተነስቷል፤ በመካከላቸው ግን በማስመሪያውና በጠርዙ መካከል ብርሃን ያልፋል።

«ልጄ፣ ይህ ጠርዝ ካልተስተካከለ የወርቅ ጓርኒሲዮን ብታደርግለትም ያፈሳል» አሉኝ።

ፓውደሩ ላይ ያየሁት ነገር ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ስስ ቆርቆሮ ወደ ሞተሩ ይስበዋል። ቡሹ እዚያ ይደቃል፤ በሁለት ብሎኖች መካከል ግን የሚጫነው ይጠፋል። ዘይቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። በተጠበቀ ቁጥር ቀዳዳው የበለጠ ይነሳል፣ መካከሉ የበለጠ ይከፈታል።

ጋሼ ግቢ ውስጥ የሐዲድ ቁራጭ አላቸው፤ ጠፍጣፋው እግሩ ወደ ላይ እንዲሆን ተገልብጦ እንደ መስፍ ያገለግላቸዋል። የኮፓውን ጠርዝ በሞተር በኩል ያለው ገጽ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው አስተኙትና፣ የተነሳውን እያንዳንዱን ቀዳዳ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መቱት። ኃይል የለበትም፤ መዶሻው በራሱ ክብደት ይወድቃል፣ ማስመሪያው ይጋደማል፣ እንደገና ይመታል። ከእሳቸው ተቀብዬ ቀሪውን እኔ ጨረስኩ። ብርሃን ማሳለፉ ሲያቆም ሁለቱም ረጃጅም ጎኖች ማስመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ነኩት። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ መፍታትና መግጠም ነው።

የሞተሩን ገጽ ሳጸዳ አሮጌውን ቡሽ በፕላስቲክ መፋቂያ ነው ያነሳሁት፤ ብረት ይጭራል። ፍቅፋቂው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩበት። ከዚያ በጨርቅ ደጋግሜ ጠረግሁ፤ ምክንያቱም ሞተሩ ከላይ ዘይት ማንጠባጠቡን ለረጅም ሰዓት አያቆምም፣ ዘይት የነካው ገጽ ደግሞ ምንም አያስይዝም። ሲሊኮን የተጠቀምኩት የፊተኛው ክዳንና የኋለኛው ፓራኦሊዮ መያዣ ከሞተሩ አካል ጋር በሚጋጠሙባቸው ማዕዘኖች ብቻ ነው፤ እዚያም የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ። ቀሪው ቡሽ ደረቅ ሆኖ ነው የገባው።

ሁሉንም ብሎኖች በጣት ካስያዝኩ በኋላ ከመካከል ጀምሬ ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቅሁ በየዙሩ በጥቂቱ አጠበቅሁ። ለእንዲህ ያለ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ከ10 ኒውተን ሜትር ማለፍ አያስፈልግም። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ካለ እሱን መጠቀም ነው። ከሌለ ቁልፉን ከእጀታው ጫፍ ሳይሆን አንገቱ አጠገብ ይዞ በጣቶች ብቻ ማዞር፤ ቡሹ ከጠርዙ ትንሽ ማበጥ ሲጀምር ያቁሙ። ክንድ የሚገባበት ሥራ አይደለም።

ሲሊኮኑ እንዲደርቅ ሌሊቱን አሳድሬ ዘይት ሞላሁ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ትንፋሽ ወደ አየር መሳቢያው የሚመልሰው ቱቦና ቫልቩ በጥቁር ደለል ተደፍነዋል። ይህ ትንፋሽ መውጫ ካጣ ግፊቱ ዘይቱን በጓርኒሲዮንና በፓራኦሊዮ በኩል ይገፋዋል፤ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይመክተውም። ቫልቩን አውጥቼ አጥቤ ስነቀንቀው ቀጭ ቀጭ አለ፤ ደህና መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ድምፅ ነው። ኮፓ የሚቀይር ሰው ይህን ሳያይ ሥራ ጨረስኩ ባይል ደስ ይለኛል።

አሮጌውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሜ ለሚረከብ ሰው ሰጠሁ። በከተማው መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚደፉ ሰዎች አያለሁ፤ ልቤ ያዝናል። አሸዋ ዘይትን አያጠፋም፣ ወደ ታች ያሳልፈዋል። የዚህ ከተማ የመጠጥ ውሃ ደግሞ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው።

ፍተሻውን ያደረግሁት ደንገጎ ላይ ነው። መኪናዋን በሰው ሞልቼ ወጣሁ፤ ላይ ስደርስ ቆሜ በባትሪ መብራት ከሥር አየሁ። ሁለቱም ጎኖች ደረቅ ናቸው። ቡሽ በሙቀት ስለሚተኛ፣ ሞተሩ ከተመላለሰ በኋላ ቀዝቅዞ ሳለ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ በጣት ኃይል ፈተሽኩ፤ ጥቂቶቹ ትንሽ ተቀበሉ፣ የቀሩት አልተንቀሳቀሱም። አሁን ከፊት፣ ከክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ኋላ፣ ስስ እርጥበት ይታየኛል። እሱ የፊተኛው ፓራኦሊዮ ነው። ዕቃውን ገዝቻለሁ፤ ፑሊውን የሚስብልኝ መሣሪያ ከጋሼ ጋር ስላለ በሚቀጥለው እረፍቴ እንገናኛለን።